የባሕር ጠለቃ ዕቃ ገበያ፦ ጀማሪው የቱን ይግዛ? የቱን ይከራይ?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው አባባል ለባሕር ጠለቃ ዕቃ ነጋዴዎች ታስቦ የተነገረ ይመስላል። የስኩባ ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን የተቀበለ ጀማሪ ወደ ዕቃ መሸጫው ጎራ ባለ ቁጥር የሚሰማው ምክር ይኸው ነውና። በተከራየ ዕቃ እስከ መቼ? የራስህን ግዛ፣ ይባላል። መደርደሪያው ላይ የተሰለፈው ጃኬት፣ የሚያብረቀርቀው ቫልቭና በእጅ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተር ዓይን ይስባል። በአንድ ቀን ሙሉ ዕቃ ገዝቶ የሚወጣ ጀማሪ ጥቂት አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ዕቃው ሁለትና ሦስት ጊዜ ባሕር አይቶ በሻንጣ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

የዚህ ገበያ ልዩ ባሕርይ ሁለት ኪሣራዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። አንደኛው የገንዘብ ኪሣራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከገንዘብ የከፋ ነው፤ በባሕር ውስጥ 20 ሜትር ወርዶ ዕቃው የተበላሸበት ሰው «መልሱልኝ» የሚለው ነጋዴ በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ርካሹ የቱ ነው ወይም ውዱ የቱ ነው የሚል ሳይሆን፣ የትኛው ዕቃ ቀድሞ ይገዛል፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛውስ ጨርሶ አይገዛ የሚል ነው።

ቅርቡ ባሕር

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርቡ የጠለቃ ስፍራ ጅቡቲ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የመንገደኞች አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሁለቱን ከተሞች በ750 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ያገናኛል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣዎች ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጠው ፍጡር ስለሚታይ ጠላቂዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች ዙሪያም የታወቀ የጠለቃ ስፍራ ነው። በሌላ በኩል በጅዳና በዱባይ የሚኖሩ፣ እንዲሁም በእስራኤል የሚገኙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ባሕሩ ደጃቸው ላይ ነው። ኢላት የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የምትገኝ የጠለቃ ከተማ ናት።

ይህ የቦታ ልዩነት ለግዢው ውሳኔ መሠረታዊ ነው። ኢላት ወይም ጅዳ የሚኖር ሰው በየሳምንቱ መጥለቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ስኩባ የሚባለው የአጠላለቅ ዘዴ የተስፋፋው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 አኳ ላንግ የተሰኘውን መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ ነው። ጋኛን በዚያን ጊዜ በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን ጠፍቶ በጋዝ ለሚሄዱ መኪናዎች የጋዝ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ያዘጋጅ ነበር። ያው ቫልቭ ተሻሽሎ ሰው በባሕር ውስጥ አየር በፈለገ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ሆነ።

ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። በጀርባ ላይ በሚታዘለው ሲሊንደር ውስጥ አየሩ እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ታምቋል። ሬጉሌተር የሚባለው መሣሪያ ይህንን ግፊት በሁለት ደረጃ ይቀንሰዋል። የመጀመሪያው ክፍል በሲሊንደሩ አንገት ላይ ይታሰራል፤ ሁለተኛው በአፍ ይያዛል። ከመጀመሪያው ክፍል የሚወጡት ቱቦዎች አራት ናቸው፦ አንዱ ለጠላቂው አፍ፣ አንዱ አየር ላለቀበት ጓደኛ የሚሰጥ መጠባበቂያ፣ አንዱ የቀረውን አየር ለሚያሳየው ጌጅ፣ አንዱ ደግሞ የመንሳፈፊያውን ጃኬት ለመንፋት ነው።

የአየሩ ሂሳብ ለገዢው ጠቃሚ ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። በባሕሩ ወለል ላይ ግፊቱ 1 ባር ሲሆን በ10 ሜትር 2፣ በ20 ሜትር 3፣ በ30 ሜትር 4 ይሆናል። በደረቅ መሬት በደቂቃ 20 ሊትር አየር የሚተነፍስ ሰው በ20 ሜትር ጥልቀት 60 ሊትር ይጨርሳል ማለት ነው። በብዛት የሚሠራበት 11 ሊትር የሚይዘው የአልሙኒየም ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,200 ሊትር አየር ይይዛል። ከዚህ ላይ 50 ባሩ ለመጠባበቂያ ሲቀር 1,650 ሊትር ይተርፋል። ይኸው ሰው በ10 ሜትር 41 ደቂቃ፣ በ20 ሜትር 27 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ይቆያል።

ጀማሪ ሲደነግጥና ሲታገል አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ አየሩም ቶሎ ያልቃል። የማይመጥን ማስክ፣ የሚያንሸራትት ጃኬትና ብርድ የሚያስገባ ልብስ አየር የሚያስጨርሱት በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ዕቃ ማለት እንግዲህ ለባለቤቱ አካል የሚመጥን ዕቃ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው፦ ማስክ

ከሁሉም አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ማስክ ነው። የሰው ፊት እንደ ጫማ ቁጥር በሦስትና በአራት አይመደብም፤ ለብዙ ሰው ተብሎ የተቀመጠ የኪራይ ማስክ ለአንዱ ሲመጥን ለሌላው ውሃ ያስገባል። ተራ የዋና መነጽር ግን በምንም መንገድ ምትክ አይሆንም። አፍንጫን ስለማይሸፍን ጠላቂው በአፍንጫው ተንፍሶ ውስጡ ያለውን ግፊት ከውጭው ጋር ማስተካከል አይችልም፤ ዓይንም ይጎዳል።

የመምረጫው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። ማሰሪያውን ወደ ውጭ አድርጎ ማስኩን በፊት ላይ ማስቀመጥ፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ መሳብ፣ ከዚያም እጅን መልቀቅ ነው። ማስኩ ከፊት ላይ ሳይወድቅ ከቆየ ይመጥናል። አየር ካስገባ ውሃም ያስገባልና የዋጋው ማነስ ወይም የስሙ ትልቅነት አያድነውም። መስተዋቱ ሲሰበር የማይቆራርጥ የተጠናከረ መስተዋት፣ ጠርዙም ሲሊኮን መሆን አለበት። መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች በቁጥራቸው የሚገጠም መስተዋት ያለው ማስክ ማዘዝ ይችላሉ። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስተዋቱ ላይ ስስ ቅባት ስለሚኖረው በጥርስ ሳሙና ደጋግሞ ማሸት ከጉም መጠበቂያው የተለመደ ዘዴ ነው።

የእግር መቅዘፊያና ልብስ

የእግር መቅዘፊያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ጫማ ሙሉ እግርን የሚያስገባ ሲሆን ለሞቃት ባሕርና ከጀልባ ለሚዘል ሰው ይመቻል፤ ቀላልና ርካሽም ነው። ሁለተኛው ተረከዙ ክፍት ሆኖ በማሰሪያ የሚጠብቅ ነው። ይህኛው ከውስጥ ቦት ጫማ ስለሚደረግበት ድንጋያማ ከሆነ የባሕር ዳር በእግሩ ለሚገባ ሰው ይሻላል። ጠንካራና ረጅም መቅዘፊያ ፍጥነት ይሰጣል ቢባልም የጀማሪን ባት ያሳምማል። መካከለኛው ይበቃል።

ልብሱን በተመለከተ፣ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። ለዚህም ነው ሞቃት በሚባል ባሕር ውስጥ እንኳ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚንቀጠቀጠው። ኒዮፕሪን ከተባለ አረፋማ ላስቲክ የሚሠራው ልብስ በውፍረቱ 3፣ 5 እና 7 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። ለጅቡቲ ሙቅ ባሕር 3 ሚሊ ሜትሩ ለብዙ ሰው ይበቃል። በኢላት ግን የባሕሩ ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት ወደ 21 ዲግሪ ስለሚወርድ 5 ወይም 7 ያስፈልጋል። ልብሱ ሰውነት ላይ ካልተጣበቀ ውሃ እንደልቡ ይመላለስበታልና ውፍረቱ ዋጋ የለውም። ወፍራም ልብስ ወደ ላይ ስለሚያንሳፍፍም ተጨማሪ እርሳስ በወገብ መታጠቅን ይጠይቃል።

ኮምፒውተሩና የአዲስ አበባ ከፍታ

ከማስክ፣ ከመቅዘፊያና ከልብስ ቀጥሎ ጀማሪው ገንዘብ ቢያወጣ የማይቆጨው በኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ጥልቀትንና ጊዜን እየመዘገበ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ናይትሮጅን ያሰላል፤ በዚያ ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል ይናገራል፤ ጠላቂው በፍጥነት ሲወጣ ይጮኻል፤ በ5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ የሚደረገውን እረፍትም ይቆጥራል። ኮምፒውተር ለሁለት ሰው አይሆንም። ጓደኛ የለበሰው ኮምፒውተር የጓደኛን ሰውነት እንጂ የሌላውን አያሰላም። ሦስትና አራት ጋዝ የሚያሰላው ውድ ዓይነት ግን ለጀማሪ አያስፈልግም። ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብ፣ ባትሪው በባለቤቱ እጅ የሚቀየር ወይም በቀላሉ የሚሞላ፣ ናይትሮክስ የሚባለውን ኦክሲጅን የበዛበት አየርም የሚያሰላ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር አለ። ጠላቂ ከባሕር እንደወጣ ወዲያው ወደ ከፍታ ቢሄድ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይፈጥራል። መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። ሕክምናው ልዩ የግፊት ክፍል ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ክፍል ደግሞ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባካሄደው የባለሙያዎች ስብሰባ መሠረት፣ ያለ ማቆሚያ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሊቆይ ይገባል።

ብዙ ሰው ይህ አውሮፕላንን ብቻ የሚመለከት ይመስለዋል። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ዝቅ ቢል በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይስተካከላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና ወደ አዲስ አበባ መውጣት ለሰውነት አውሮፕላን የመሳፈር ያህል ነው ማለት ነው። ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ ጉዞ የሚጀምር ሰው ቲኬቱን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። የመጨረሻው ቀን ለጠለቃ ሳይሆን ለገበያና ለእረፍት የሚተው ነው።

ለዚሁ ጉዳይ ኮምፒውተሩ የከፍታ ማስተካከያ እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መጥለቅ የተለየ ስሌት ስለሚጠይቅ፣ እንደ ላንጋኖ፣ ጣና ወይም የቢሾፍቱ ሐይቆች ባሉ ስፍራዎች ለባሕር የወጣው ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራም።

ሬጉሌተር፦ ዋጋው ከመግዣው ቀጥሎ ይመጣል

ሬጉሌተር ሕይወት የተንጠለጠለበት ዕቃ ነው። ታዋቂዎቹ አምራቾች፣ እንደ ጣሊያኖቹ ክሬሲና ማሬስ፣ እንዲሁም ስኩባፕሮ፣ ከርካሹ እስከ ውዱ ብዙ ዓይነት ያቀርባሉ። በአውሮጳ ደረጃ ኢኤን 250 የተመዘነ መሆኑን የሚያሳየውን ጽሑፍ መሣሪያው ላይ መፈለግ ይገባል። ከደረጃው አጠገብ «ኤ» የሚል ፊደል ከተጨመረበት ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢተነፍሱበትም የሚችል ነው ማለት ነው።

ሬጉሌተሩ ሚዛናዊ ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ከሆነ ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድም አተነፋፈሱ አይከብድም። በረዶ በሚሆን ውሃ ውስጥ ለመጥለቅ የሚሠራው የታሸገ ዓይነት ግን ለቀይ ባሕር ሰው የግድ አይደለም። የአያያዙ ዓይነትም መታወቅ አለበት። ዮክ የሚባለው በሲሊንደሩ አንገት ላይ እንደ ማነቆ ይጠብቃል፤ ዲን የሚባለው ደግሞ እንደ ብሎን ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል። ዲኑ የበለጠ ግፊት ይችላል። በሚሄዱበት አገር የሚገኘው ሲሊንደር የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ መግዛት፣ ለማይገኝ ሶኬት መሰኪያ እንደመግዛት ነው። ዲን ገዝቶ ወደ ዮክ የሚቀይር ማያያዣ መያዝ የብዙዎች መፍትሔ ነው።

ዋናው ነገር ግን ጥገናው ነው። ሬጉሌተር በውስጡ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸው ትናንሽ የላስቲክ ቀለበቶች ስላሉት፣ አምራቹ በሚያዘው መሠረት በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በሠለጠነ ባለሙያ ተፈትቶ መታደስ አለበት። ባይጠለቅበት እንኳ ላስቲኩ ይደርቃል። ገዢው ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «መለዋወጫው የት ይገኛል? ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ነው። ባለሙያ በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው የሚገዛው ሬጉሌተር፣ መለዋወጫ እንደሌለው መኪና ቆሞ ይቀራል።

ጃኬትና ጨርሶ የማይገዛው

የመንሳፈፊያው ጃኬት ሲሊንደሩን ይሸከማል፣ አየር ተሞልቶም ጠላቂውን ያመዛዝናል። ሲለካ በጠለቃ ልብሱ ላይ ተደርቦ ይሁን። አየር ሲሞላ ደረትን ካላፈነና ወደ ላይ ካልሸሸ ይመጥናል። የአየር ማስወጫዎቹ እጅ በቀላሉ የሚደርስባቸው፣ እርሳሱ በአደጋ ጊዜ በአንድ ጉተታ የሚወርድ መሆን አለበት። ለመንገደኛ ቀለል ያለውና የሚታጠፈው ይመረጣል። ጀማሪው ሁለትና ሦስት ዓይነት ተከራይቶ ሳይሞክር ጃኬት ባይገዛ ይመከራል።

ሲሊንደርና እርሳስ ግን መንገደኛ የሚገዛቸው ዕቃዎች አይደሉም። የተለመደው የአልሙኒየም ሲሊንደር ባዶውን 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተሞላውንም አየር መንገዶች አይጭኑም። መሙያ ኮምፕሬሰርና የግፊት ምርመራም ይፈልጋል። በአሜሪካ ይህ ምርመራ በየ5 ዓመቱ ይደረጋል። በየጠለቃ ማዕከሉ ሲሊንደርና እርሳስ ከዋጋው ጋር አብሮ መቅረቡ የተለመደ ነው።

የኪራይና የግዢ ሂሳብ

ለምሳሌ ያህል፣ ሬጉሌተር፣ ጃኬትና ኮምፒውተር በአንድ ላይ 1,500 ዶላር ያወጣሉ፤ ኪራያቸው በቀን 25 ዶላር ነው ይባል። ዕቃው 10 ዓመት ቢያገለግል የእርጅና ቅናሹ በዓመት 150 ዶላር ይሆናል። ለጥገና በዓመት 100 ዶላር ቢታከል የባለቤትነቱ ዋጋ 250 ዶላር ነው። ይህም የ10 ቀን ኪራይ ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ዋጋዎች በዓመት ከ10 ቀን በላይ የሚጠልቅ ሰው ቢገዛ ያተርፋል። በዓመት 4 ቀን የሚጠልቅ ግን 100 ዶላር ከፍሎ መከራየት ሲችል 250 ዶላር ያወጣል። በዚህ ላይ የሻንጣው ክብደትና 1,500 ዶላሩ በሌላ ሥራ ላይ ቢውል ሊያስገኝ የሚችለው ጥቅም አልተቆጠረም። ቁጥሮቹ እንደየአገሩ ይለያያሉ፤ የሂሳቡ መንገድ ግን ያው ነው። ማንም ሰው የሚያውቃቸውን ዋጋዎች አስገብቶ ሊያሰላው ይችላል።

የሚከራይ ሰው ደግሞ መመርመር መብቱ ነው። ሬጉሌተሩን ሲሊንደር ላይ ገጥሞ ጌጁን እያዩ ደጋግሞ መተንፈስ፤ መርፌው ከተወዛወዘ ቫልቩ በሙሉ አልተከፈተም ወይም ችግር አለበት። አየሩ ዘይት ወይም ጭስ ከሸተተ ሲሊንደሩን መመለስ ነው። ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ የተሰነጣጠቁ መሆናቸውን ማየት፣ ጃኬቱን ነፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየትና መተንፈሱን መከታተልም ይገባል። ይህን ሲያደርጉ ፊቱን የሚያጠቁር አከራይ ካለ ሌላ አከራይ መፈለግ ነው።

ሰልባጅስ?

ያገለገለ ዕቃ ገበያ ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ የተነሱት ችኩል ገዢዎች ዕቃቸውን የሚሸጡት እዚያ ነው። መቅዘፊያና ልብስ ያገለገለ ቢገዛ ጉዳት የለውም። ጃኬት ከሆነ ተነፍቶ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ሬጉሌተር ከሆነ የጥገና ደብተሩ ይታይ፤ ከሌለው የሙሉ እድሳቱን ወጪ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ባትሪውና አምራቹ አሁንም የሚደግፈው መሆኑ ይጣራ። አሮጌ ሲሊንደር ግን፣ በተለይ 6351 በተባለው የአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራው፣ አንገቱ ላይ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይነካም።

በአጠቃላይ ሲታይ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ማስክ፣ ቀጥሎ መቅዘፊያና ልብስ፣ ከዚያ ኮምፒውተር፣ የጠለቃው ቀን በዓመት ሲበዛ ደግሞ ሬጉሌተርና ጃኬት ናቸው። ሲሊንደርና እርሳስ በባለቤቶቻቸው እጅ ይቆዩ። የጀማሪ የምስክር ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ነው፤ ለ18 ሜትር ደግሞ የ40 ሜትር ዕቃ አያስፈልግም። አሥርና ሃያ ጊዜ በኪራይ የጠለቀ ሰው ምን እንደሚመቸው አካሉ ይነግረዋል። አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ገዢም ይሠራል።